ወጣቶች፣ የባህል መድኃኒትና ኮቪድ-19

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና የባሕር ዛፍ ቅጠል በየቤቱ ተፈላጊ ሆነው ነበር። በጉለሌም ሆነ በሌሎች ክፍላተ ከተማ በወጣቶች ዘንድ ሁለት አመለካከቶች ይሰማሉ። አንዱ «ከተፈጥሮ የተገኘ አይጎዳም» ይላል፤ ሌላው የባህል መድኃኒትን በጠቅላላው ከንቱ ያደርጋል። ሁለቱም ያለ ምርመራ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

የቻይና ተሞክሮ ይህን ያስረዳል። ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጻሕፍት ከተጠቀሰ ተክል አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት አገኙ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኢትዮጵያም ከዚሁ የተገኘውን «ኮአርተም» ለወባ ሕክምና ትጠቀማለች። ተክሉን ለዚህ ያበቃው ጥንታዊነቱ ሳይሆን ፈዋሽነቱ፣ መጠኑና የጎንዮሽ ጉዳቱ በጥናት መረጋገጡ ነው። በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የባህል መድኃኒቶችን ሲመረምር ቆይቷል።

ዝንጅብል የገባበት ትኩስ ሻይ ጉሮሮን ሊያለሰልስ ይችላል፤ ኮቪድ-19ን ግን አያድንም። የፈላ ውኃ መታጠን ደግሞ ፊትንና የመተንፈሻ አካልን ሊያቃጥል ይችላል። ከሁሉ የከፋው አደጋ መዘግየት ነው፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው «ይታጠንና ይሻለው ይሆናል» ተብሎ እቤት ሲቆይ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ወጣቶች፦
• ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን በአክብሮት ያስረዱ፤
• በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በቅጠላ ቅጠል እንዳይተካ ያሳስቡ፤
• የትንፋሽ ማጠር ሲያዩ ሳይዘገዩ በ8335 ወይም በ952 ይደውሉ።