«ምን ቸገራችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ

ደሴ ዙሪያም ሆነ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ደብተር ይዞ የገባ ሰው ቀድሞ የሚመስለው እርዳታ መዝጋቢ ነው። ወሎ በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ ክፉኛ የተጎዳ፣ ስሙን ለመዝጋቢ ደጋግሞ ያስጻፈ አገር ነው። «ምን ቸገራችሁ?» ብሎ የጀመረ አጥኚ የሚያገኘውም ለመዝጋቢ የሚነገረውን ነው። መላሾቹ አልዋሹም፤ መልሱን የጠራው ጥያቄው ነው። ስለዚህ ጥናቱ እርዳታ እንደማያመጣ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ የ1977ቱን ረሃብ በወሎ ሲያጠኑ የተከተሉት መንገድ ዛሬም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው መጽሐፋቸው ገበሬው ተረጂ ብቻ አይደለም፤ መላ የሚፈጥር ሰው ነው። መጀመሪያ ከማዕዱ ይቀንሳል፣ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ከብት ይሸጣል፤ ቀዬውን ጥሎ የሚሰደደው በመጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል «ችግራችሁ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አያወጣውም። የተደረገውን ጠይቁ፤ «እህሉ ሲያልቅ መጀመሪያ ምን አደረጋችሁ? ከዚያስ?» በሉ። ለዚያ «ከዚያስ» ጊዜ ለመስጠት ከመጠይቃችሁ ግማሹን ብትሰርዙ አይቆጫችሁ።

በቅሬ፣ ማለትም በአካባቢው ዕድር፣ በኩል መግባት ጥሩ ነው፤ ሰው ያምናችኋል። ነገር ግን የቅሬው ሰብሳቢ የመረጠላችሁን ብቻ አናግራችሁ አትመለሱ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሆነች፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ወጣት ከቅሬው መዝገብ ላትገኝ ትችላለች። እሷን አለቃዋ ባለበት አትጠይቋት፤ በዕረፍት ቀኗ፣ ራሷ በመረጠችው ቦታ፣ ቢቻል ሴት ጠያቂ ታናግራት። ቡና ከተፈላም አትቸኩሉ፤ መቅረጫውን ሳታስፈቅዱ አትክፈቱ።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዘው ነበር። ጥናታችሁ የግድ ካላስፈለገው የሰውን ሐዘን አትቀስቅሱ፤ ካስፈለገውም ሰውየው ቢረበሽ የት ወስዳችሁ እንደምታሳክሙት ሳታውቁ አፋችሁን አትክፈቱ።

ማስታወሻችሁን በዚያው ምሽት፣ በተናጋሪው ቃል ጻፉ። አንዲት እናት «ኑሮ እንዴት ነው?» ተብላ «አልሐምዱሊላህ» ብትል፣ ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብትል፣ «በኑሮዋ ረክታለች» ብሎ የሚመዘግብ አለ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ምስጋናው የሰላምታ ወግ ነው፤ ስለ ኑሮዋ ገና አልነገረችንም። ቀጥላችሁ ትናንት እቤት ምን እንደተበላ፣ የቤት ኪራዩን ማን እንደከፈለ ጠይቋት፤ የምትለውንም ሳታሳጥሩ አስፍሩ።