ሽማግሌው ተሳስተዋልን?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ በስደት አሜሪካ የገቡ ብዙ ወገኖቻችን ዛሬ አርጅተዋል። የመርሳት ሕመም ሲይዝ ዘግይቶ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል፤ የእናት ቋንቋ ይቆያል።

በሰኔ 2024 ሐኪሙ «ዘመኑ ስንት ነው?» ሲል አንድ አባት «2016» ቢሉ፥ በሆስፒታሉም ሰዓት ከጧቱ 9 ሲሆን «3 ሰዓት ነው» ቢሉ፥ አልተሳሳቱም፤ በአገራቸው አቆጣጠር መልሰዋል። ይህን የሚያስረዳ ከሌለ ግን ሕመማቸው ከልኩ በላይ ይጻፋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ «እርጅና ነው» ብለን ሳንተው ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው። ሁለተኛ፥ የሠለጠነ አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ የልጅ ልጅ ከአክብሮት የተነሣ የአያቱን ስሕተት ሊሸፍን ይችላልና። ሦስተኛ፥ ቋንቋቸውን፥ የሚጠሩበትን ስም፥ የሚበሉትንም ጽፈን ለአስታማሚው እንስጥ። አራተኛ፥ እየጎበኘናቸው ልጆቻቸውን እናሳርፍ።

ያሳደጉንን በሚገባቸው ቋንቋ እናነጋግራቸው።