የከርሰ ምድር ውኃ ለማን ነው?

ከእንጦጦ ተራራ በስተ ጀርባ የሚገኘው የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ነው። ከተራራው በስተ ደቡብ የሚወርደው ዝናም በአቃቂ በኩል አዋሽን ሲቀላቀል፣ በስተ ሰሜን የሚወርደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ውኃ እንዲህ በተሰጠው አገር እናቶች ጄሪካን ደርድረው ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከዚያው ምድር የተቀዳው ታሽጎ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ማለፉ ሕዝቡን ማስቆጣቱ አያስደንቅም። (የማንኛውንም ፋብሪካ የታሸገ ውኃ በአንድ የንግድ ስም «ሃይላንድ» ማለታችን ራሱ ንግዱ ምን ያህል እንደ ተዛመተ ያሳያል።) የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚህ ትምህርታችን ቁጣው በምን መንገድ ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል እንመርምር።

ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ በአካባቢያቸው የውኃ፣ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የአበባ ድርጅቶች ሰፍረው ነበር። በሱሉልታ ውኃ የሚያሽገው የአቢሲኒያ ስፕሪንግስ አብላጫ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኔስሌ ዋተርስ ተላለፈ። በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋበት የቢሾፍቱ ኢሬቻ በኋላ፣ በሰበታና በአካባቢው ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ተቃጠሉ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ መሬቱን በአነስተኛ ካሳ የለቀቀው ገበሬ ምሬት፣ በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘው ማስተር ፕላን ያስነሣው ቁጣ ነበረበት። የውኃውም ጥያቄ ከእነዚህ ተነጥሎ አይታይም። ይሁንና ፋብሪካ ቢቃጠል የጉድጓድ ውኃ ከፍ አይልም፤ አስቀድሞ የሚጎዳውም የቀን ሠራተኛው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከመሬት በታች ያለውን ማወቅ ያሻል። በዚህ አካባቢ ውኃው እንደ ሐይቅ ተንጣሎ የሚገኝ አይደለም፤ እሳተ ገሞራ በተወው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቆችና ንብርብሮች መካከል ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይጓዛል። በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ብርቱ ፓምፕ ሲሠራ፣ በዙሪያው ያለው የውኃ ወለል እንደ ተገለበጠ የጎጆ ክዳን ወደ መሐል ያዘቀዝቃል። ንብርብሮቹ የተገናኙ ከሆነ፣ በእጅ የተቆፈረው የገበሬው ጉድጓድ አስቀድሞ ይደርቃል። ካልተገናኙ ግን ጉዳቱ ላይደርስ ይችላል፤ የዝናም ማነስና የነዋሪው መብዛትም ውኃውን ያወርዱታል። እንግዲህ የደረቀ ጉድጓድ ሁሉ የፋብሪካ ሥራ ነው ማለትም፣ አይደለም ማለትም፣ ያለ ልኬት አይቻልም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ንብረት መሆኑን፣ የቤት ውስጥ ፍጆታም ከማንኛውም አገልግሎት እንደሚቀድም ደነገገ። በእጅ የሚቆፈረውን ጉድጓድ ከፈቃድ ነፃ ሲያደርግ፣ ለንግድ የሚያወጣው ግን ፈቃድ እንዲይዝ አዘዘ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በወረቀት የሰፈረውን ጠይቆ የሚያስፈጽም ግን ጥቂት ነው።

በሕንድ አገር፣ በኬራላ፣ በፕላቺማዳ መንደር የሆነውን እንመልከት። ኮካ ኮላ በዚያ እ.ኤ.አ. በ2000 ፋብሪካ ከፈተ። ጉድጓዶቻችን ጎደሉ፣ ውኃውም ተበላሸ ያሉ ነዋሪዎች በ2002 በፋብሪካው በር ላይ ተቀመጡ፤ ከመሪዎቻቸው አንዷ ማይላማ የተባለች ድኻ ሴት ነበረች። የአካባቢው ምክር ቤት በ2003 የፋብሪካውን ፈቃድ አላድስም አለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ለነዋሪዎቹ ሲፈርድ፣ በ2005 ሌላ ችሎት ፍርዱን ለውጦ ለኩባንያው በቀን 500,000 ሊትር ፈቀደ። ሆኖም በ2004 የተዘጋው ፋብሪካ ዳግም በቋሚነት ሥራ አልጀመረም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 የጌራራ እረኞች በጉድጓድ በተጣሉት ጊዜ ይስሐቅ ቦታ እየለወጠ ሄደ። የሱሉልታ ገበሬ ግን የሚሄድበት ሌላ ሜዳ የለውም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ማግኘት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ውኃ አሽጎ መሸጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ጎረቤት እየተጠማ መሸጥ ግን የፍትሕ ጉድለት ነው።

ስለዚህ በየቁምስናው ያሉ የፍትሕና የሰላም ኮሚቴዎች ይጠይቁ፦ የተፈቀደው መጠን በቀን ስንት ሊትር ነው? ቆጣሪ ተገጥሞለታል ወይ? ጥልቁ ጉድጓድ ሲሞከር በዙሪያው ያሉት ጉድጓዶች ተለክተዋል ወይ? ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ የውኃ ቢሮ ይግባ፤ ግልባጩም ይቀመጥ። መንደሩ በበኩሉ ዛሬውኑ የሚጀምረው ሥራ አለ። በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ማለዳ ሰው ሳይቀዳ፣ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ ይውረድ፤ እስከ ውኃው ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፍ። ደብተሩን ለመያዝም ከኦርቶዶክሱም ከሙስሊሙም ጎረቤት ሰው ይመረጥ፤ ጉድጓዱ የቁምስናችን ብቻ አይደለምና።