የትግል ጥበብ ያለው ጀግና በሥዕላዊ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ተገኘ

ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ በዱላ መማታትንና መመከትን ከእኩዮቹ ጋር እየተጫወተ ይማራል። እኔም በነፋስ መውጫ አካባቢ እንዲሁ አድጌአለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ እረኛ ሦስት ከብት ዘራፊዎችን በዱላው ሲመክት የሚያሳይ ታሪክ በደብተሬ ላይ በተከታታይ ሥዕል ሠራሁ። ጓደኞቼ ግን አይተው ሣቁብኝ፤ «የማይበር፥ ከዓይኑ እሳት የማይወጣ፥ ምን ጀግና ነው?» አሉኝ። ነገሩ ስለ ከነከነኝ መመርመር ጀመርሁ።

በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በጨርቅ ላይ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፥ እንደ መጽሐፍ በተራ እንዲነበብ ሆኖ ሲሣል ኖሯል። ልዩ ኀይል ያለው ኢትዮጵያዊ ጀግና በኮሚክ መጽሐፍ የመጣው ግን በቅርቡ ነው፤ ብስራት ደበበ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። (ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ስለ እኔ ነው የተጻፈው» ብሎ ሣቀ።) ይሁን እንጂ የጀምበር ኀይል ከሰው በላይ ነውና የጓደኞቼን ክርክር አላፈረሰልኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከቀድሞዎቹ የአሜሪካ ኮሚኮች ነው። በ1966 በጁላይ ወር «አድቬንቸር ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት 346ኛ ቁጥር ካራቴ ኪድ የተባለ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ታሪኩ በ30ኛው መቶ ዓመት የሚፈጸም ሲሆን፥ ልዩ ኀይል ያላቸው ወጣቶች ማኅበር አዲስ አባሎችን ሲቀበል ያሳያል። የሚበረው ሱፐርቦይም የዚያው ማኅበር አባል ነበረ። ካራቴ ኪድ ግን አይበርም፤ ያለው የተማረው የትግል ጥበብ ብቻ ነው። ካራቴ ማለት ራሱ በጃፓንኛ ባዶ እጅ ማለት ነው። ሆኖም በመግቢያው ፈተና ከሱፐርቦይ ጋር ገጥሞ በማኅበሩ ተቀባይነትን አገኘ። በ1984 የወጣው ፊልም ስሙን ቢጋራም ታሪኩ ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ደራሲው ነው። ጂም ሹተር የፒትስበርግ ከተማ ተማሪ ነበረ። ቤተሰቡ ገንዘብ ቸግሮት ስለ ነበር በ13 ዓመቱ ለዚህ ማኅበር ታሪክ መጻፍ ጀመረ፤ እያንዳንዱንም ገጽ በሥዕል ነድፎ ለአሳታሚው በፖስታ ላከ። አሳታሚውም ገዛው። እኔ አሁን 16 ዓመቴ ነው!

ይህን ለጓደኞቼ ካስረዳሁ በኋላ ደብተሬን ለአያቴ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እንደሚያዩ ሆነው ከመጀመሪያው ጀምረው በተራ ተከተሉት። በሦስተኛው ሥዕል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፥ «ልጄ፥ ዱላ እንዲህ ተይዞ አይመከትም፤ ጣቱ ይሰበራል» አሉኝና በትራቸውን አንሥተው አያያዙን አሳዩኝ። ያንን ገጽ ፍቄ እንደ ገና እየሣልሁት ነው።