ዳዋ የዋጠውን ጓሮ ስለ ማቅናት

እጅ ያልነካው ጓሮ ሁለት ክረምት ካለፈበት ዳዋ ይውጠዋል፡፡ እንዲህ ያለውን ቦታ ለማቅናት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማስተዋል ግን ያስፈልጋል፡፡

በመጀመሪያ የበቀለውን መለየት ይገባል፡፡ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም) አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ የነካውንም ሰው ቆዳ ያሳክካል፡፡ ስለዚህ ነጭ አበባውን ሳያወጣ፥ መሬቱ በዝናብ በራሰ ጊዜ፥ በጓንት ከነሥሩ ይነቀል፡፡ ዘር ያልያዘው ሌላው አረም ግን አይቃጠል፤ ከፍግና ከጥቂት አመድ ጋር ተደራርቦ በጉድጓድ ቢከማች በወራት ውስጥ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል፡፡

ሁለተኛው፥ የተጣለውን ዕቃ ለአገልግሎት መመለስ ነው፡፡ የተሰባበረ ሸክላና ጡብ ለመተላለፊያ ይነጠፋል፡፡ የምግብ ዘይት ጀሪካን ከጎኑ ተቆርጦ፥ ከሥሩም ተበስቶ ጎመን፥ ቆስጣና በሶብላ ይተከልበታል፡፡ አሮጌ ጎማ አበባ ይይዛል፤ ውሃ ካቆረ ግን የትንኝ መራቢያ ይሆናልና ይበሳ፡፡

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ደጋግሞ ቢታጠብም መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ሊቀር ይችላል፡፡ ስለዚህ ለሚበላ ተክል፥ ለመጠጥ ውሃም ሆነ ለእህል ማስቀመጫ ፈጽሞ አይዋል፤ በገበያ በርካሽ ቢገኝም አይገዛ፡፡ ገዢው ሳያውቅ ቢገዛው እንኳ ጉዳቱ ከቤተሰቡ አይቀርም፡፡

ለመወያያ፦ በአጥቢያችን ቅጥር ግቢ ዳዋ የዋጠው ቦታ የትኛው ነው? በየቤታችን ያሉት ጀሪካኖች ቀድሞ ምን ይዘው እንደነበር እናውቃለንን?