የሥራ ዋጋ ዘርዝሮ መጻፍ

ፊደል ቆጥራችኋል፤ መደመርና ማባዛትም ችላችኋል። ዛሬ ይህ ዕውቀት ሥራ ይሥራ። አናጺ ወይም ግንበኛ የሆናችሁ ሁሉ፣ ሥራ ለመያዝ ስትፈልጉ ዋጋችሁን ለአሠሪው እንዴት ጽፋችሁ ታቀርባላችሁ? ትምህርቱ ለአሠሪውም ይጠቅማል።

በሺሺንዳ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና መጋዘኑን ጣሪያ ሊያሠራ ነው እንበል። አንደኛው አናጺ «ጣሪያውን በ98,000 ብር እሠራለሁ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ግን እንዲህ ዘረዘረ፦

ቆርቆሮ፦ 60 × 900 = 54,000 ብር
እንጨት፦ 80 × 250 = 20,000 ብር
የቆርቆሮ ምስማር፦ 10 ኪሎ × 300 = 3,000 ብር
ከቦንጋ ማጓጓዣ፦ 6,000 ብር
የእጅ ዋጋ፦ 15,000 ብር
ድምር፦ 98,000 (ዘጠና ስምንት ሺህ) ብር

(ዋጋው ለመማሪያ ብቻ የተጻፈ ነው።)

የሁለቱም ድምር እኩል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የማኅበሩ አባላት «እንጨቱን ከየጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆርጠን በደቦ እናመጣለን» ቢሉ፣ ከሁለተኛው ላይ 20,000 ይቀነሳል፤ 78,000 ብር ይቀራል። አለቀ! ከአንደኛው ላይ ግን ስንት ይቀነስ? አንዱ 30,000 ይላል፤ ሌላው 10,000 ይላል። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። የቡና ገንዘብ በዓመት አንዴ የሚገባ ነው፤ አናጺውም ልጆች አሉት። ሁለቱም ይጎዳሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እነዚህን አምስት ነገሮች ያዙ።

1ኛ. ብዛቱን፣ የአንዱን ዋጋና ድምሩን ለየብቻ ጻፉ። በመንግሥት የጨረታ ሰነዶች ላይ የአንዱ ዋጋና ድምሩ ካልተስማሙ የአንዱ ዋጋ ይጸናል፤ ድምሩ ይታረማል። ቆርቆሮውን 900 ለማለት አስባችሁ 700 ብትጽፉ፣ በ60 ቆርቆሮ 12,000 ብር ከኪሳችሁ ወጣ ማለት ነው። ደጋግማችሁ አስሉ።

2ኛ. ድምሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፉ። አንዲት ዜሮ በብዕር ጫፍ ትጨመራለች። በጨረታ ሰነዶቹ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። ፊደል ማወቅ ገንዘብ መጠበቅ ነው ማለት ይሄ ነው!

3ኛ. በዋጋው ውስጥ የሌለውንም ጻፉ። ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ውኃውን ማን ያቀርባል? ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገባችሁ ከሆነ 15 በመቶው ተካቷል ወይስ አልተካተተም? ከ98,000 ብር ላይ 14,700 ብር ነው፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

4ኛ. ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደርጓል። ብር ሲረክስ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ይወደዳል፤ ቆርቆሮና ምስማርም አብረው ይንራሉ። ስለዚህ «ይህ ዋጋ ለ30 ቀን ይጸናል» ብላችሁ ጻፉ።

5ኛ. ክፍያውን በሥራው ደረጃ ከፋፍሉ፦ ዕቃው ሲገባ፣ እንጨቱ ሲመታ፣ ጣሪያው ተከድኖ ሲያልቅ። ያኔ አሠሪው ያየውን ይከፍላል፤ ሠሪውም በባዶ ሆዱ አይሠራም።

ዋጋው ከተስማማችሁበት በኋላ ውል ጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 ላይ፣ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ተዋዋዮቹ ካልፈረሙበትና ሁለት ምስክሮች ካላረጋገጡት አይጸናም ይላል። የእናንተንም እንዲሁ አድርጉት። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ከመፈረሙ በፊት ዝርዝሩን አንድ በአንድ አንብቡለት።

መልመጃ

ሀ. የአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ 850 ብር ቢሆን የ45 ቆርቆሮ ዋጋ ስንት ነው?
ለ. ያገኛችሁትን መልስ በፊደል ጻፉ።
ሐ. አንድ ግንበኛ «የቤት መሠረት፣ ድምር 40,000 ብር» ብሎ ቢያቀርብላችሁ ምን ምን ትጠይቁታላችሁ? ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩበት።