ሦስት መዝገብ፣ አንድ ሕፃን

በየአጥቢያውና በየፕሮጀክቱ ጣቢያ ስንዘዋወር ዘወትር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። በዚህ ቀበሌ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ስንት ናቸው? መልስ የሚያጣ ሰው አጋጥሞን አያውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከመዝገቧ አንድ ቁጥር ትነግረናለች፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ሌላ ቁጥር ትሰጠናለች፤ አልሚ ምግብ የሚያድለው የእኛው ሠራተኛ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር አለው። ሁሉም በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ሦስቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው አያውቁም።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበን ለማስረዳት አንድ የቆየ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ሰዎችን ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን አድራሻ ከመንግሥት የሞት መዝገብ ወስዶ እየመረመረ፣ ኋላም በካርታ ላይ ቤት በቤት አሰፈረው። ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ባለው የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። የአካባቢው ሹማምንትም ጳጉሜን በሚውልበት ወቅት፣ በፈረንጆቹ መስከረም 8 ቀን፣ የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ለእኛ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ሰፈር ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለ ወጣት ረዳት ቄስ ነበር። የሐኪሙን ሐሳብ አልተቀበለም ነበርና ስሕተቱን ለማሳየት ሲል የሚያውቃቸውን ቤተሰቦች እየደጋገመ ጠየቀ። በጠየቀ ቁጥር ግን ነገሩ ወደዚያው ፓምፕ መራው። በመጨረሻም የሞት መዝገቡን ሲያገላብጥ በብሮድ ስትሪት ቁጥር 40 በተቅማጥ የሞተች የአምስት ወር ሕፃን አገኘ። ኮሌራ ተብላ ስላልተጻፈች ልብ ያላት አልነበረም። ወደ እናትየዋ ሄዶ ቢጠይቃት፣ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ እንደ ደፋችው ነገረችው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ከፓምፑ ውኃ አጠገብ ሆኖ፣ ግንቡም ፈራርሶ ተገኘ።

እንግዲህ መዝገቡ ሕፃኗን ይዟት ነበር፤ ካርታው ቦታውን አሳይቷል፤ ቄሱ ደግሞ በሩን የሚያንኳኳበት ትውውቅ ነበረው። ሦስቱ እስኪገናኙ ድረስ ግን የበሽታው መነሻ አልታወቀም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ለመናገር ደስ የማይል ቢሆንም። ከምንሠራባቸው ቀበሌዎች በአንዱ የዕደላ ዝርዝራችን ሙሉ መስሎን ነበር። ለእናንተ ለደጋፊዎቻችን በላክነው ሪፖርትም የቀበሌውን ሕፃናት ሁሉ እንደ ደረስን ጽፈናል። በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት መዝገቧን፣ መምህርቷም የራሷን ይዘው መጡና ሦስቱን በእጅ በተሳለ ካርታ ላይ በእርሳስ አሰፈርን። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር በሦስቱም ባዶ ሆነ። ሕፃናት ሳይኖሩ ቀርተው አይደለም። ወንዙ ክረምት ሲሞላ እናቶች ልጅ አዝለው መሻገር አይችሉም፤ ምዝገባውን ያካሄድነው ደግሞ በክረምት ነበር። ክትባት ያልደረሳቸው፣ ትምህርት ያልጀመሩትና ምግባችንን ያላገኙት እነዚያው ልጆች ነበሩ።

እናንተም በአጥቢያችሁ ይህን ለመሞከር ብትፈልጉ ሰፊ ወረቀት ይበቃል። ወንዙን፣ መንገዱን፣ ጤና ኬላውንና ትምህርት ቤቱን ሳሉ፤ ከዚያም ቤቶቹን። በጤና ኬላው «የቤተሰብ ፎልደር» ካለ የቤቱን ቁጥር ከዚያ ውሰዱ እንጂ የራሳችሁን አዲስ ቁጥር አትፍጠሩ፤ መዝገቦቹን የሚያገናኛቸው ይህ ቁጥር ነውና። በአንዳንድ ስፍራ ፎልደሩ ወደ ታብሌት ተዛውሯል፤ የቤቱንም አቅጣጫ በስልክ መመዝገብ ይቻላል። መልካም ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው። በየቤቱ ላይ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር መሰጠቱን፣ ከስድስት ወር በላይ የሆነው ልጅ ክንዱ መለካቱንና ዕድሜው የደረሰው መዋዕለ ሕፃናት መግባቱን ምልክት አድርጉ። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ካርታው እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ኬላ ይወሰዳል።

ካርታው ካለቀ በኋላ የልምድ አዋላጇን፣ የእድሩን ዳኛና የሴቶች ኅብረት እናቶችን ጥሩ። ነህምያ ቅጥሩን ሳይሠራ አስቀድሞ በሌሊት ዞሮ እንዳየው፣ በኋላም ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር እንደ ሠሩ ታስታውሳላችሁ። በየቤቱ አንጻር ያለውን የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ትናንት የተወለደውን፣ አያቱ ዘንድ የተላከውን፣ አካለ ጉዳተኛ ሆኖ ከጓዳ የማይወጣውን ልጅ የትኛውም መዝገብ አልያዘውም።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ ምን እንደ ደረሰ እናውቃለን፤ መቍጠር ሁሉ በጎ አይደለም። የታመመ ወይም የተጎዳ ልጅ ስም በካርታው ላይ አይጻፍ፤ ካርታውም በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ምን እንደምንመዘግብና ለምን እንደሆነ እናቲቱ ሰምታ ትፍቀድ። ቤተሰቡ የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድም አይኑር። ይህን ዓምድ ከእኛ ቅጽ ላይ ለማውጣት ብዙ ክርክር አስፈልጎናል።

ከወንዙ ማዶ ያለውን መንደር በሚመለከት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሁን በበጋ ወራት በተወሰነ ቀን የክትባት ሳጥኗን ይዛ ትሻገራለች፤ የእኛም ሠራተኛ አልሚ ምግቡን በአህያ ጭኖ አብሯት ይሄዳል። መዋዕለ ሕፃናቱ ገና ነው። በካርታው ላይ በእርሳስ የተከበቡ ጥቂት ቤቶች ስለ ቀሩ፣ ወንዙ ሳይሞላ በግንቦት እንደገና እንሻገራለን።